ያልተሳሳተው የይለፍ ቃል

ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ማኪኖ ሐይቅ የውሃ መለኪያ ጣቢያ ስንደርስ የተሰበረ መስኮትም የፈሰሰ ደምም አልነበረም። የጠበቁን ባዶ ሰንጠረዥ የሚያሳይ ኮምፒዩተርና አጠገቡ የቆሙት መዝጋቢዋ ወይዘሮ ቨርና ሊንክሌተር ነበሩ።

"የጠፋው ምንድን ነው?" አለች አለቃዬ ኢንስፔክተር ሎርና ደዣርሌ፣ ጓንቷን እያወለቀች።

"ሁሉም" አሉ ወይዘሮ ቨርና። "የሐይቁ መዝገብ በሙሉ። ከመጀመሪያው ቅዳሜ ጀምሮ።"

ኢንስፔክተሯ ከሌላ ከተማ ተዛውራ ከመጣች ሦስት ወሯ ነው። እኔ ግን እዚሁ የተወለድኩ ሰው ነኝና የጠፋው ምን እንደሆነ ማንም እንዲያስረዳኝ አላስፈለገኝም። ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት የመዳብ ማቅለጫው ፋብሪካ "ውሃችሁ ምንም አልሆነም" ሲል ከተማው "እናያለን" አለ። ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው ተራ የደረሰው ቤተሰብ ሐይቁ ላይ ወጥቶ፣ በብርዱ ወራት በረዶውን ሰርስሮ፣ ውሃ ቀድቶ ይለካል። የለካውን ለወይዘሮ ቨርና ይሰጣል፤ እሳቸው ይመዘግባሉ። ምራቅ መሬት ሳይደርስ በሚረጋበት ብርድ እንኳ አንድ ቅዳሜ አላለፈንም። አንድ ሺህ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ቅዳሜ! በዚህ አገር ከኛ ሌላ እንዲህ ያደረገ ከተማ ካለ ይምጣና ይንገረኝ።

የወረቀት ካርዶቹ ከስድስት ዓመት በፊት ምድር ቤቱን ጎርፍ ሲያጥለቀልቀው በስብሰው ተጥለዋል። ደግነቱ አስቀድመው ፎቶ ተነሥተው ኮምፒዩተሩ ውስጥ ገብተው ነበር። እኛ በደረስን ማግስት፣ አርብ ስምንት ሰዓት ላይ፣ የክፍለ ግዛቱ የውሃ ኮሚሽን በከተማችን አዳራሽ ይቀመጣል፤ መዝገቡን ይዘው የሚቀርቡት ወይዘሮ ቨርና ነበሩ።

የጣቢያው ኃላፊ አቶ ከርቲስ ሆጅ ወደ ቢሯቸው አስገቡን። ሦስት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ደርድረው ነበር የጠበቁን።

"በጣም ያሳዝናል" አሉ። "ቨርናን ሃያ ዓመት አውቃታለሁ። ግን እኔ የምላችሁ ወረቀቱ የሚለውን ነው።"

የመጀመሪያው ወረቀት መዝገቡ ከሚቀመጥበት ዋና ማሽን፣ ከሰርቨሩ፣ የወጣ ነው። ትናንት ረቡዕ አሥር ሰዓት ከአሥር ላይ መዝገቡ በሙሉ ተሰርዟል፤ የሰረዘው ተጠቃሚ ቨርና ሊንክሌተር ይላል።

"ሁለተኛው የበሩ ነው" አሉ አቶ ሆጅ። "እዚህ ያለ ካርድ የሚገባም የሚወጣም የለም። ቨርና አሥር ሰዓት ከአምስት ላይ ገባች፣ አሥር ከሩብ ላይ ወጣች።"

"ከሰዓት በኋላ ሌላ ማን ገባ?"

"እኔ ብቻ። ቀኑን ስብሰባ ላይ ነበርኩ፤ መነጽሬን ረስቼ ተመለስኩ። ይኸው፣ ዘጠኝ ሰዓት ከአምስት ገባሁ፣ ዘጠኝ ከሩብ ወጣሁ።"

"ዘጠኝ ከሩብ ላይ ነው የወጡት?"

"በትክክል። ከዚያ ቤቴ ገብቼ ጋደም አልኩ።"

ሎርና ጻፈችው። ሦስተኛው ወረቀት ላይ የስህተት መልእክት ታትሟል። ሰርቨሩ በየቀኑ እኩለ ቀን፣ ስድስት ሰዓት ላይ፣ የመዝገቡን መጠባበቂያ ቅጂ፣ ባክአፕ የሚሉትን፣ በራሱ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት ይልካል፤ እዚያ ሌላ ማሽን ተቀብሎ ያስቀምጠዋል። ከሰኞ ጀምሮ ግን ሦስት ቀን ሙሉ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "የይለፍ ቃል ስህተት። ተጠቃሚ ቨርና ሊንክሌተር። ምንም ቅጂ አልተገኘም።"

"ባክአፑ የሚሄደው በሷ ስም ነው" አሉ አቶ ሆጅ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ፓስዎርዱን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ሰኞ ቀይራ ባክአፑን አስቆመች፤ ረቡዕ ዋናውን ሰረዘች። ኮሚሽኑ መዝገቡን ወደ ዋና ከተማ ሊወስደው ነው ሲባል ልጇን የሚነጥቋት ነበር የመሰላት። ካርዷን ተቀብያታለሁ። ነገ አዳራሹ ውስጥ ባትታይ ነው የሚሻለው።"

ወጣ እንዳልን "ምን ይመስልሃል፣ ጉናር?" አለችኝ ሎርና።

"ቴርሞሜትር ማንበብ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው" አልኳት።

"ይኼ መልስ ነው?"

"ለኔ መልስ ነው።"

ወይዘሮ ቨርና ጠረጴዛቸው ጋ ተቀምጠው ነበር። ሎርና ወንበር ስባ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።

"ፓስዎርድዎን ሰሞኑን ቀይረዋል?"

"ከስድስት ዓመት ወዲህ አልነካሁትም። እንዲህ አይነገርም መሰለኝ፣ ግን እውነቱ ይኸው ነው።"

"ትናንት አሥር ሰዓት ከአሥር ላይ የት ነበሩ?"

"ከርሊንግ ሜዳ፣ እዚህ መንገድ ማዶ። ከአሥር እስከ አሥራ አንድ በረዶው ላይ ድንጋይ ሳንሸራትት ነበር። አሸንፈናልም።" የመጨረሻዋን ቃል ሲናገሩ አገጫቸው ትንሽ ቀና አለ። "ከዚያ አሥራ አንድ ካለፈ በኋላ ጫማዬን ልወስድ መጣሁ። አሥር ደቂቃ አልቆየሁም።"

"የበሩ ወረቀት አሥር ከአምስት ላይ ገቡ ይላል።"

"እንግዲያው ወረቀቱ አብዷል!"

"ቡድንዎ ይመሰክርልዎታል። ነገር ግን ጓደኞች ናቸው፤ ደግሞ መንገድ ማዶ ነው፤ ሹልክ ብሎ መመለስ ይቻላል ይባላል።"

"ማን ነው የሚለው? ከርቲስ?" ወይዘሮ ቨርና መልስ አልጠበቁም። "ሠላሳ አንድ ዓመት፣ የኔ ልጅ! ባሌ በሞተ በሳምንቱ ቅዳሜ እንኳ እዚህ ተቀምጬ መዝግቤያለሁ። ይኼን የሠራሁ ሰው እንዴት አድርጌ ነው የማጠፋው?"

"ኮምፒዩተሩን ይዝጉና እፊቴ እንደገና ይክፈቱት" አለች ሎርና።

"ልዝጋው?" ወይዘሮ ቨርና ደነገጡ። "ዘግቼው አላውቅም። መጀመሪያ የተከለልን ሰው 'ከዘጋሽው ቅጂው ይቆማል' ብሎኛል። ከዚያ ወዲህ ወደ ቤት ስሄድ የማጠፋው ስክሪኑን ብቻ ነው።"

በጣቢያው ይኼን የማያውቅ አልነበረም። እንደ ማዕድ ቤት እሳት ሳይጠፋ የሚያድር ኮምፒዩተር ነው። ሎርና ግን "ይዝጉት" አለች፤ ዘጉት። ከዚያ ያንኑ የስድስት ዓመት ፓስዎርድ በሁለት ጣት ለቅመው ጻፉ። ተከፈተ።

"መልእክቱ የይለፍ ቃሉ ስህተት ነው ይላል" አለች ሎርና፣ ቀስ ብላ። "የይለፍ ቃሉ ግን ይኸው ከፈተ። እና እነዚያ መልእክቶች የታሉ?"

ወይዘሮ ቨርና ኢሜይላቸውን አሳዩን። ሦስቱም ነበሩ፤ ከአራት ሺህ ከማያንሱ መሰሎቻቸው ጋር፣ አንዱም ሳይከፈት።

"ማን ያነባቸዋል?" አሉ አፍረው። "ዓመቱን ሙሉ ሲጮኹ ነው የሚኖሩት። ደህና ሲሆንም ይጮኻሉ። ለሦስታችንም፣ ለኔ፣ ለከርቲስና ማሽኖቹን ለሚጠብቀው ለዴል ነው የሚላከው፤ ዴልም አያነባቸውም።"

ሎርና ይኼንንም ጻፈች።

ከዚያ ወደ ማቅለጫው ሄድን። ሪክ ቫስኮ የፋብሪካው ሠራተኞች ማኅበር ሰው ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት በአዳራሹ ስብሰባ ላይ "ያንን መዝገብ ሐይቁ ውስጥ ጣሉልኝ" ብሎ ጮኾ ነበር። መቼም አፍ የሰጠው ሰው ነው።

"ትናንት አሥር ሰዓት ላይ የት ነበርክ?" አለችው ሎርና፣ በሩ ላይ።

"እቶን ላይ። አርባ ሰው አይቶኛል፤ ከፈለግሽ አንድ በአንድ ጥሪና ጠይቂ።"

"መዝገቡ ይጥፋ ብለህ ነበር።"

"ብያለሁ! ፋብሪካው ቢዘጋ እንጀራዬ ነው።" ከዚያ መዝገቡ በእርግጥ መጥፋቱ ሲገባው ድምፁ ወረደ። "ስሚ፣ ኢንስፔክተር። እናቴ አሥራ አንድ ዓመት ያንን በረዶ ሰርስራለች። በእጇ የጻፈቻቸው ካርዶች ፎቷቸው እዚያ ውስጥ ነው። እኔ እጮኻለሁ እንጂ የእናቴን ጽሕፈት አላጠፋም።" ፊቱን አዞረ። "ማን እንደሆነ ስታገኙት መጀመሪያ ለኔ ንገሩኝ።"

"ለአንተ መጨረሻ ነው የምንነግርህ" አልኩት።

ስንመለስ አምስት ሰዓት አልፏል። የማሽኖቹን ነገር የሚያውቀው ዴል ፕሩደን ነው። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ሙያውን ማንም ሳያስተምረው በራሱ የተማረና ይኼንንም ለሁሉ የሚያስታውስ ሰው። ዛሬ ግን ዓይናችንን አያይም።

"ይኼን መልእክት አስረዳኝ" አለችው ሎርና። "ፓስዎርዱ ትክክል ነው፤ ዓይኔ እያየ ከፍቷል። ለምንድን ነው ስህተት ነው የሚለው?"

"እሱ… ሆን ተብሎ ነው፣ ኢንስፔክተር። ማሽኖች እንግዳን ከበር ሲመልሱ ለምን እንደመለሱት አይነግሩትም። ሌባ ከሆነ ይማርበታላ። ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን መልሱ አንድ ነው፦ የይለፍ ቃል ስህተት።"

"እና እውነተኛው ምክንያት የት ይጻፋል?"

"የመለሰው ማሽን የራሱ ማስታወሻ ላይ።"

"የመለሰው ማሽን ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ያለው ነው?"

"አዎ።"

"ማን ሄዶ አየው?"

ዴል ጆሮው ቀላ። "መልእክቱ ምንም ቅጂ አልተገኘም ስላለ… የሚታይ ነገር የለም ብዬ ነው።"

ሎርና እርሳሷን አስቀመጠች። "ዴል፣ በር ላይ ተከልክሎ የተመለሰ ሰው ቤት ውስጥ ምን እንዳለ በምን ያውቃል?"

እኔ ራሴ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ያንን ወረቀት እያገላበጥን ይኼን ያሰበ አልነበረም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል፤ እኛ ደግሞ ውሃ የምንለካ ሕዝብ ነን፣ ልናውቀው ይገባን ነበር።

ቤተ መጻሕፍት ስንደርስ ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነው። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ፐርል ኮቫልቹክ የምድር ቤቱን ቁልፍ በአንገቷ ነው የምታንጠለጥለው። "ሦስት ዓመት ሙሉ ማንም አልጎበኘውም፤ ዛሬ በሰልፍ መጣችሁ" እያለች አወረደችን።

ማሽኑ ከአሮጌ ጋዜጦች መደርደሪያ አጠገብ ተቀምጧል። ዴል ተቀምጦ ማስታወሻውን ከፈተ። ሰኞ ስድስት ሰዓት ላይ ያለውን መስመር ሲያነብ ከንፈሩ ብቻ ተንቀሳቀሰ።

"ጮክ ብለህ" አለች ሎርና።

"'የጠያቂው ሰዓት ከእኔ ሰዓት በስድሳ ደቂቃ ይቀድማል። አልቀበልም።'"

እዚህ ላይ ስለ ከተማችን ሰዓት አንድ ነገር ልበል። ማኪኖ በካርታ ሳስካችዋን በሚባለው ክፍለ ግዛት ውስጥ ናት፤ ሳስካችዋን ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ሰዓቱን አይነካም። እኛ ግን ድንበር ላይ ነን፤ ዘመዶቻችንም ገበያችንም ጎረቤት ክፍለ ግዛት ማኒቶባ ናቸው። ስለዚህ መጋቢት ሲመጣ ከነሱ ጋር አንድ ሰዓት ወደፊት እንገፋለን። ሕግ አላዘዘንም፤ የወሰንነው ራሳችን ነን። ሌላው የክፍለ ግዛቱ ሰው ይስቅብናል፤ ይሳቅ። ባለፈው እሑድም ገፍተናል።

"ሰርቨሩ ሳስካችዋን እንዳለ ነው የሚያውቀው" አለ ዴል። "ሰኞ ጠዋት ስመጣ ከከተማው አንድ ሰዓት ወደኋላ ቀርቷል። እና እኔ… ገፋሁት።"

"እንዴት ገፋኸው?"

"በእጄ። አንድ ሰዓት ወደፊት።"

"የግድግዳ ሰዓት መሰለህ እንዴ?"

"ትክክለኛው 'የምትኖረው በማኒቶባ ሰዓት ነው' ብሎ መንገር ነበር" አለ፣ ድምፁ እየጠፋ። "ማሽኖቹ እርስ በርስ የሚተያዩት በውስጥ በሚቆጥሩት የዓለም ሰዓት ነው። እኔ ያንን አዛባሁት። ይኼኛው ደግሞ ሰዓቱ የተዛባ ሰው አጭበርባሪ ነው ብሎ በሩን ዘጋበት።"

ፓስዎርድ የቀየረ የለም። ሰኞ ጠዋት አንድ ሰው ሰዓት ገፍቷል፤ ያ ብቻ ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኼ ነው። ዴልን ላንቀው ፈልጌ ነበር።

"አሁንስ?" አለች ሎርና። "ሰርቨሩ አሁንም የተዛባ ነው?"

ዴል የስክሪኑን አቧራ በእጅጌው ጠረገ።

"ዴል!"

"ፖሊስ መጣ ሲሉኝ ደነገጥኩ። ዛሬ አራት ሰዓት ላይ… በትክክለኛው መንገድ አስተካከልኩት።"

ፐርል ናት ቀድማ የገባት። "አንተ፣ ይኼ ዕቃ በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ የትናንቱን አጥፍቶ በዛሬው ይተካል አላልከኝም?"

ዴል ከወንበሩ ዘለለ። የዛሬው ባዶ ነው። እውነተኛ ቅጂ እዚህ ካለ፣ ከተስተካከለው ሰርቨር የሚመጣው ባዶ ሊውጠው ነው። የእጅ ሰዓቴን አየሁ፤ ለስድስት አራት ደቂቃ ጉዳይ ይላል።

"ገመዱን! የኔትዎርኩን ገመድ!" ጮኸ ዴል።

"የቱ ነው?" አለች ፐርል።

"ሁሉንም ንቀይው!" አለች ሎርና።

ፐርል ኮቫልቹክ በከተማችን ከርሊንግ ድንጋይ ለሠላሳ ዓመት የገፋች ሴት ናት። ከማሽኑ ጀርባ ያለውን ገመድ በሙሉ በሁለት እጇ ጠቅልላ ይዛ አንዴ ሳበችው፤ መብራቱም ድምፁም ጠፋ። ለስድስት ሦስት ደቂቃ ጉዳይ ነበር።

ኔትዎርኩን ሳይሰካ ዴል እንደገና አስነሣው። ረጅም አምስት ደቂቃ ነበር። በመጨረሻ አንድ ስም ስክሪኑ ላይ ወጣ፦ የእሑድ ቅጂ፣ ስድስት ሰዓት። ከፈተው። የመጀመሪያው ቅዳሜ አለ። የመጨረሻውም፣ ያለፈው ቅዳሜ፣ አለ። ከዚያ ወዲህ የተመዘገበ ነገር ስለሌለ አንዲት ቁጥር አልጎደለችም። ልቤ ቅቤ ጠጣ፤ ሳላስበው ፐርልን አቀፍኳት።

"ተወኝ አንተ" አለች እየሳቀች፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሯል።

"ማንም ትንፍሽ እንዳይል" አለች ሎርና። "መዝገቡን አገኘን እንጂ የሰረዘውን ሰው አላገኘንም።"

ወደ ጣቢያው ስንመለስ በሩ ላይ ቆመች። የዴልን ካርድ ተቀብላ ማንበቢያው ላይ አስነካችና የእጅ ሰዓቷን አየች፤ ሰባት ሰዓት ከሃያ። ከዚያ የበሩን ወረቀት አሳትማ አመጣች። የመጨረሻው መስመር ስድስት ሰዓት ከሃያ ይላል።

"ይኼን ደግሞ አልገፋኸውም?"

"የበሩን በየዓመቱ እረሳዋለሁ" አለ ዴል።

ሎርና በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። "ስንፍናህ ከትጋትህ ይሻላል" አለችው። "ስምንት ሰዓት ላይ ሁላችሁም አቶ ሆጅ ቢሮ።"

አቶ ሆጅ ሻይ አስመጥተው ነበር። ወይዘሮ ቨርና ካፖርታቸውን ሳያወልቁ፣ ሊወጡ እንደተዘጋጁ ሁሉ፣ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። እኔና ዴል በሩ ጋ ቆምን።

"የበሩ ሰዓት አንድ ሰዓት ወደኋላ ነው" ብላ ጀመረች ሎርና። "የሰርቨሩ ረቡዕ ዕለት ከከተማው ጋር እኩል ነበር። ስለዚህ ወይዘሮ ቨርና አሥር ከአምስት ገቡ የሚለው መስመር አሥራ አንድ ከአምስት ማለት ነው። ልክ ራሳቸው እንዳሉት፤ ጫማቸውን ሊወስዱ።"

ወይዘሮ ቨርና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"እንኳን ደስ ያለሽ፣ ቨርና!" አሉ አቶ ሆጅ። "እንግዲህ ማሽኑ ራሱ ተበላሽቶ ነው የሰረዘው ማለት ነው…"

"ቆይ፣ እርስዎም መስመር አለዎት" አለች ሎርና። "ዘጠኝ ከአምስት የሚለው አሥር ከአምስት ይሆናል። መዝገቡ ሲሰረዝ እዚህ ቤት ውስጥ የነበሩት እርስዎ ብቻ ነዎት።"

"ሰዓቱን ተሳስቼ ይሆናል። ሰው ነኝ።"

"ቢሳሳቱ ኖሮ አልይዝዎትም ነበር። ወይዘሮ ቨርናን ወረቀቱ እንዲህ ይላል ስላቸው አብዷል አሉ፤ የሚያውቁት ነገር ነበራቸውና። እርስዎን ዘጠኝ ከሩብ ላይ ወጡ ወይ ብዬ ስጠይቅዎ 'በትክክል' አሉኝ። አንድ ሙሉ ሰዓት ከተሳሳተ ወረቀት ጋር በትክክል የሚስማማ ሰው ታሪኩን ከወረቀቱ ተውሷል ማለት ነው።"

አቶ ሆጅ የሻይ ስኒያቸውን ገፋ አደረጉ።

"ደግሞም" አለች "በዚህ ጣቢያ የባክአፕ መልእክት የሚያነብ የለም። ወይዘሮ ቨርና አላነበቡም፤ ዴል አላነበበም። እርስዎ ግን ሦስቱን ቀን ዘርዝረው፣ አትመው ጠበቁኝ። የእርስዎ ኢሜይል ሲታይ የሰኞው ሰኞ፣ የማክሰኞው ማክሰኞ ተከፍቶ ይገኛል። 'ምንም ቅጂ አልተገኘም' የሚለውን አነበቡና አሁን ብሰርዘው የሚመልሰው የለም አሉ። የወይዘሮ ቨርና ኮምፒዩተር እንደማይዘጋ ያውቃሉ። የቀረዎት ስክሪኑን ማብራት ብቻ ነበር።"

"እኔ… ቅጂው ከሌለ…"

"ቅጂው አለ" አለች ሎርና። "የእሑዱ፣ ሙሉውን። ያ መልእክት ወይዘሮ ቨርናን በሐሰት ከሰሰ፣ እርስዎን ደግሞ ሞኝ አደረገ።"

ወይዘሮ ቨርና እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ ወደኔ ዞሩ፤ ራሴን ነቀነቅኩላቸው። እንባቸው በጉንጫቸው ወረደ።

ከዚህ በኋላ አንቱታውን ትቼዋለሁ፤ ሆጅ ብቻ ይበቃዋል። ሆጅ ሁሉንም ተናገረ። በየዓመቱ ለኮሚሽኑ የመዝገቡን ማጠቃለያ የሚጽፈው እሱ ነው። ሁለት ዓመት በፋብሪካው በኩል በውሃው ውስጥ ያለው አርሰኒክ የሚባለው መርዝ ልክ ከፍ ሲል፣ የባሱትን ቅዳሜዎች ትቶ "ለውጥ የለም" ብሎ ጻፈ። ነገ ኮሚሽኑ ፊት ዋናው መዝገብ ሲከፈት ሊጋለጥ ነው።

"ፋብሪካው ከተዘጋ ከተማው ያልቃል ብዬ ፈራሁ" አለ፣ አንገቱን ደፍቶ። "ለከተማው ብዬ ነው።"

ወይዘሮ ቨርና ብድግ አሉ። አጭር ሴት ናቸው፤ በዚያች ሰዓት ግን ክፍሉን ሞሉት።

"ለከተማው ፈርተህ ከሆነ ከተማውን መጠየቅ ነበረብህ፣ ከርቲስ። እኛ እውነቱን ፈርተን አናውቅም። ፈርተን ቢሆን በዚያ ብርድ አንወጣም ነበር።" እጃቸውን ዘረጉ። "ካርዴን።"

ሰጣቸው።

ዴል በሩ ጋ እንደቆመ "ሥራ ልልቀቅ፣ ወይዘሮ ቨርና?" አለ፣ በሚሰማና በማይሰማ ድምፅ።

"ምን ቆርጦህ! ና፣ መዝገቤን መልስልኝ። ከዛሬ ጀምሮ ያንን መልእክት በየቀኑ አብረን እናነበዋለን፤ ቤተ መጻሕፍትም በሳምንት አንድ ቀን ትወርዳለህ።"

አርብ ስምንት ሰዓት ላይ አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ነበር። የማቅለጫው ሠራተኞች ከነሥራ ልብሳቸው መጥተዋል፤ ቫስኮ ከኋላ እጁን አጣጥፎ ቆሟል። እኔና ሎርና ግድግዳውን ተደግፈናል። የኮሚሽኑ ሰብሳቢ መነጽሩን አስተካክሎ "ወይዘሮ ሊንክሌተር፣ ጊዜ ስለሌለን ማጠቃለያውን ብቻ ቢያቀርቡልን" አላቸው።

"ማጠቃለያው ነው ያሳሳታችሁ" አሉ ወይዘሮ ቨርና። "እኔ ከመጀመሪያው ነው የማነበው። ማን እንደለካውም እናገራለሁ።"

ሰብሳቢው ብዕሩን አነሣ። ወይዘሮ ቨርና ማንበብ ጀመሩ። የመጀመሪያው ቅዳሜ፣ የውሃው ሙቀት፣ የአርሰኒኩ ልክ፣ የለካው ቤተሰብ፦ ኮቫልቹክ። ፐርል መሀል ላይ ብድግ አለች፤ ማንም አላዘዛትም። ሁለተኛው ቅዳሜ፦ ቫስኮ። ከኋላ ያ ጯሂ ሰውዬ ባርኔጣውን አውልቆ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሦስተኛው። አራተኛው። ስም በተጠራ ቁጥር አንድ ረድፍ ይነሣል፤ አያት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ። የተነሣ አይቀመጥም። ሰብሳቢው መጻፍ አቁሞ ሕዝቡን ያያል።

"ዘጠነኛው ቅዳሜ" አሉ ወይዘሮ ቨርና። "የአየሩ ብርድ ከዜሮ በታች ሠላሳ ስምንት ዲግሪ። የለካው ቤተሰብ፦ ቶርሰን።"

ቶርሰን የኛ ነው። አባቴና እኔ ነን የሰረሰርነው፤ ስድስት ዓመቴ ነበር፣ ጠርሙሱን የያዝኩት እኔ ነኝ። ሎርና በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ።

"ምን ግድግዳ ትደገፋለህ?" አለችኝ። "ቀጥ በል እንጂ።"

ባርኔጣዬን አውልቄ ቀጥ ብዬ ቆምኩ።